ይምጣ፤ ተመርጧል!

ባለፈው ቅዳሜ በዋሽንግተን አጠገብ ስልቨር ስፕሪንግ ከሚገኙት የእኛ ሰው ካፌዎች በአንዱ ተቀምጬ ነበር። ከአጠገቤ የዋሽንግተንን ቡድን ማሊያ ከጃኬታቸው ሥር የለበሱ አንድ ጎልማሳ ስልካቸውን እያወዛወዙ «ተመርጦ እምቢ ማለት ምን ማለት ነው? ሕግ ወጥቶ ይገደድ እንጂ!» ሲሉ ሰማሁ። የተቆጡት በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ድራፍት ተመርጠው በአውሮፓ ክለባቸው ለመቆየት በወሰኑ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ ነው። (አገር ቤት ያላችሁ አንባብያን ድራፍት ስል በብርጭቆ የሚቀዳውን እንዳታስቡ፤ የሊጉ ክለቦች በየዓመቱ በሁለት ዙር፣ በየተራቸው አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው፤ ምንም እንኳ ክርክሩ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ የሚነሣውን ቢመስልም።)

እኔ ይህን ድምፅ ከልቤ አደንቃለሁ። በአካል አይቶት የማያውቀው፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው የት ከተማ መኖርና ለማን መሥራት እንዳለበት አንድ ማኪያቶ ሳይጨርሱ መወሰን ለሁሉም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም። ሰኔ በመጣ ቁጥር እንደ ክረምት እንጉዳይ የሚፈሉት እነዚህ ወገኖቻችን ጥበባቸውን በነፃ ያድሉናል። አንደኛው ልጁ ሲጫወት አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያይ «ውለታ ቢስ ነው» ይላል። ሌላው «ፈርቶ ነው» ይላል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚልቀው፣ «እኔ የማዝነው ለክለቡ ነው» እያለ ሀብቱ በቢሊዮን ለሚቆጠር ባለቤት እንባውን ይጠርጋል።

ውለታው የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ አሠራሩን ማየት ይበቃል። ከአሜሪካ ውጭ ያደገና እዚያው የሚጫወት ማንኛውም ሰው 22 ዓመት በሚሞላበት ዓመት፣ ስሙን ያስመዝግብም አያስመዝግብም፣ በራሱ ጊዜ ዕጩ ይሆናል። ዲቪ እንኳ ፎርም ያስሞላል፣ ፎቶ ያስነሣል፤ እዚህ ግን ልደትን ማክበር ይበቃል። በእኛ ወግ የሰው ልጅ የፈለገ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም ደጅ ቆመው «ተቀመጡ» እስኪባሉ ድረስ ይጠብቃሉ። በድራፍት ግን ያልተጠየቀው ልጅ ስም በአዳራሽ ይጠራል፣ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሊግ መጫወት ቢያምረው መደራደር የሚችለው ስሙን ከጠራው ወይም መብቱን ከገዛው ክለብ ጋር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ክብር በነፃ አግኝቶ «ቤቴ ይሻለኛል» ማለት እንግዲህ ምን ይባላል?

የእኔ ተወዳጅ ባለዕዳ ሰርጂዮ ዩል ነው። ይህ የስፔኗ የሜኖርካ ደሴት ልጅ በ2009 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) 22 ዓመት ሊሞላው ስለ ነበር ብቻ ዕጩ ሆነ። የዴንቨር ክለብ በ34ኛ ተራ ጠራውና በዚያው ሌሊት መብቱን ለሂዩስተን ክለብ በ2.25 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሻጭም ገዢም ደስ አላቸው፤ የተሸጠው ሰው ግን በማግሥቱም የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ነበር፣ በ2015ም፣ በ2018ም የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሣ የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ነበር። ጎልማሳው የሚመኙት ሕግ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ድፍረት በእንጭጩ ይቀጭ ነበር። በመጀመሪያ ከሂዩስተን ሦስት ሽማግሌዎች በጀልባ ወደ ሜኖርካ ይላካሉ። «ልጃችሁ የሰው ገንዘብ ይዞብናል» ይላሉ። የደሴቲቱ ሽማግሌዎች «ከማን ተበደረ?» ብለው ይጠይቃሉ። «እሱ አልተበደረም፤ እኛ ለዴንቨር ከፈልን።» «ታዲያ ዴንቨርን ጠይቁ።» በዚህ አልግባባ ሲሉ የዕዳው ሒሳብ ይቀርባል፤ በዓመት 82 ጨዋታ ሲታሰብ እስከ 2023 ድረስ የ14 ዓመት ውዝፍ 1,148 ጨዋታ፣ ወለዱ ሳይጨመር።

ከዚያ የ2023 የአውሮፓ ፍጻሜ ይደርሳል። በሊቱዌኒያዋ ካውናስ የግሪኩ ኦሊምፒያኮስ ማድሪድን 78 ለ77 ይመራል፣ የቀሩት ጥቂት ሴኮንዶች ናቸው፤ የ35 ዓመቱ ዩል ከረጅሙ ተከላካይ አናት በላይ ይወረውራል። በእውነቱ ዓለም ኳሷ ገብታ ማድሪድ 79 ለ78 አሸንፏል። በእኛ ሕግ ግን ኳሷ አየር ላይ እንዳለች ፊሽካ ይነፋል፤ ቦርሳ ያነገተ አስፈጻሚ ሜዳ ገብቶ ኳሷን በእግድ ይይዛታል። ሁለቱ ነጥቦች ለሂዩስተን ገቢ ይሆናሉ፣ ደረሰኝ በሦስት ቅጂ ይቆረጣል፣ አንዱ ቅጂ ለዴንቨር ግልባጭ ይሆናል። ዩል ላብ የጠጣ ማሊያውን እንደ ለበሰ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሂዩስተን ሲደርስ፣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «በማን ስም ነው ቀጠሮ የያዙት?» ትለዋለች። እሱም የመጠባበቂያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ውዝፉ መከፈል ጀመረ ማለት ነው።

ካውናስን ካነሣሁ አይቀር፣ ያቺ ከተማ ግዴታን በቅርብ ታውቀዋለች። የከተማዋን ልጅ አርቪዳስ ሳቦኒስን ፖርትላንድ በ1986 በ24ኛ ተራ መረጠው፤ ያን ጊዜ ሊቱዌኒያን ይገዙ የነበሩት የሶቪየት ባለሥልጣናት ግን አትሄድም አሉት። የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ከታከመ በኋላም በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ተሰልፎ ወርቅ አስገኘላቸው። በኋላ ወደ ስፔን ሄደ፤ ፖርትላንድ የደረሰው በ1995፣ በ30 ዓመቱ፣ ያ የሚወራለት ዝላይ ከእግሩ ካለቀ በኋላ ነበር። የኛ ባለማኪያቶ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ለሳቦኒስ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ «ምን ዓይነት ጨካኝ ሥርዓት ነው!» ይላሉ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ፉት ብለው ስለ ዩል ሕግ እንዲወጣ ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ ግን ሳቄ ይጠፋል። ግዴታ፣ ግዴታ የሚሉት ሰዎች የክለቡን ግዴታ አንድ ቀን አንሥተው አያውቁም። በሁለተኛው ዙር ለተመረጠ ልጅ ክለቡ አንዲት ዶላር ዋስትና የመስጠት ግዴታ የለበትም። መርጦት ሲያበቃ «ለጊዜው ቦታ የለንም፣ እዚያው ቆይ» ሊለው ይችላል፤ እንደ ክረምት እህል በሌላ ሰው ጎተራ ያስቀምጠዋል፣ ቀለቡን የሚችለው ግን ባለጎተራው ነው። በዝውውር ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር መስጠት ስላለባቸው፣ ፈጽሞ እንደማይመጣ የታወቀ ሰው መብት እንደ ምራቂ ከክለብ ክለብ ይዞራል። ስፔናዊው ሪኪ ሩቢዮ በ18 ዓመቱ፣ በ2009፣ በ5ኛ ተራ ሲመረጥ ከአሳዳጊ ክለቡ ከሆቬንቱት ለመውጣት የሚከፈለው የውል ማፍረሻ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር፤ የመረጠው ክለብ እንዲከፍልለት ሕጉ የሚፈቅደው ግን 500,000 ዶላር ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ባርሴሎና ተጫውቶ በ2011 ሲመጣ «አስጠበቀን» የሚሉ ነበሩ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ክለብ፣ የፈረመውን ውል፣ የገዛ ኪሱን ማን ጠየቀ? ሰውን እንደ ዕቃ ስሙን ጽፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ሳያንስ፣ ዕቃው ለምን ራሱ ተራምዶ አልመጣም ብሎ መቆጣት ዓይን አውጣነት ነው።

ይቅርታ፣ ወደ አድናቆቴ ልመለስ። በ2005 ኦርላንዶ በ11ኛ ተራ የመረጠው ስፔናዊው ፍራን ቫስኬዝ አገሩ ቀርቶ በ2010 ከባርሴሎና ጋር የአውሮፓን ዋንጫ በማንሣቱ እስከ ዛሬ እንደ ከሃዲ የሚያነሡት አሉ። በ1989 በ2ኛ ተራ የተመረጠው አሜሪካዊው ዳኒ ፌሪ የመረጠውን ክለብ ትቶ ሮም ሲሄድ ግን፣ በእነዚሁ ሰዎች ሚዛን «ጥቅሙን ያወቀ» ይባላል። የከዳተኛነት ሚዛኑ ፓስፖርት እያየ የሚመዝን መሆኑ ራሱ የሚደነቅ ፈጠራ ነው።

ይህን ሁሉ በልቤ ሳሰላስል የጎልማሳው ስልክ ጮኸ። የደወሉላቸው የማኅበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ትናንት ማታ በነበረው ስብሰባ እሳቸው ባይገኙም በሙሉ ድምፅ ገንዘብ ያዥ ተደርገው ተመርጠዋል፣ እንኳን ደስ ያልዎ። ፊታቸው ቀላ። «ማን ጠይቆኝ ነው ስሜን የጻፋችሁት?» አሉ፤ አስተናጋጇ እንኳ ዞር አለች። «እኔ ሥራ አለብኝ፣ ቤተሰብ አለብኝ፤ ሰው ሳይጠየቅ ይመረጣል እንዴ?»

«ጋሼ፣ በስንተኛ ተራ ነው የተመረጡት?» ልላቸው ነበር። ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ ስለ ነበር ሌላ አዘዝሁ።