«ስንት ድረስ ይስባል?» ብሎ ካሜራ መግዛት

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥበት ሱቅ የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ድረስ ይስባል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ለሻጭ ይመቻል። ሱፐርዙሙን (ሌንሱ የማይነቀል፣ ሩቅ የሚስብ ካሜራ) ያነሳና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ታፔላ ስክሪኑን እስኪሞላ ስቦ ያሳያል። አጠገቡ የተቀመጠው ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር፣ በመስተዋት የሚሠራ ካሜራ)፣ ካኖን 600ዲ፣ ከ18–55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ያንኑ ታፔላ የጥፍር ያህል አድርጎ ነው የሚያመጣው። ዋጋቸው ከተቀራረበ ገዢው የትኛውን አንጠልጥሎ እንደሚወጣ መገመት አያስቸግርም። እኔ ግን ለአብዛኛው የጎጃም ፎቶ አንሺ ይህ ምርጫ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ማሳያው የተደረገው በቀትር ፀሐይ ነው፤ ሰውየው እንጀራ የሚበላበት ሥራ ያለው ግን ጥላ ውስጥ ነው።

የአንድ ከተማ ፎቶ አንሺን የዓመት ሥራ እንቁጠር። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ፣ በየጊዜው ክርስትና፣ ጥር 10 የከተራ ምሽት፣ ክረምት ሲገባ ምረቃ፣ በመካከሉ ተዝካርና ማኅበር። ከምረቃው በቀር አብዛኛው ከዳስ፣ ከሳሎን ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አይርቅም። ከሙሽራዋ ጋር ያለው ርቀት ሦስት ወይም አራት ሜትር ነው። እንዲያውም ሚዜና ዘመድ አጣብቆት ወደ ኋላ መሄጃ ያጣል እንጂ ራቀብኝ ብሎ የሚቸገር የለም። የሚያጥረው ብርሃን ነው።

ሱፐርዙም ያን ሁሉ ርቀት በትንሽ አካል ማምጣት የቻለው ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ ነው። ኒኮን ፒ900ና ካኖን ኤስኤክስ60 የሚባሉት ሱፐርዙሞች የሚይዙት 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሴንሰር ነው፤ ከባቄላ ፍሬ ያንሳል። የ600ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋታቸውን አባዝቶ ላየው ልዩነቱ ወደ 12 እጥፍ ይጠጋል። በአንድ ዓይነት የሌንስ ቀዳዳና የመዝጊያ ፍጥነት ቢያነሱ ትልቁ ሴንሰር 12 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል፤ በፎቶ አንሺዎች ቋንቋ 3 ስቶፕ ተኩል ማለት ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ፒ900 እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የወጣው፣ 600ዲ በ2011። አራት ዓመት ዘግይቶ መውጣቱ ይህን ክፍተት አልሞላለትም። የሜጋፒክስል ቁጥሩም 16 እና 18 ስለሆነ ምንም አይነግርም። ልዩነቱ የሚታየው ፎቶው ለአልበም ታትሞ ሲመጣ ነው። አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 800 ሲያልፍ ሱፐርዙሙ ምስሉ ላይ የሚረጨውን ነቁጥ ለማጥፋት ሲል ምስሉን ይጠርገዋል፤ የሙሽራዋ ሹሩባ መስመሩ ጠፍቶ አንድ ወጥ ጥቁር ይሆናል፣ የቀሚሷ ጥልፍ ክር ክሩ ሳይለይ ቀለም የተቀባ ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን ለሱፐርዙሙም ሐቁን እንስጠው። አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ሱፐርዙም በዚያው እይታ ከዚህ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ስለዚህ ዲኤስኤልአር ገዝቶ በ18–55 ብቻ የሚሠራ ሰው የከፈለበትን ጥቅም ከፊሉን እየጣለ ነው። መድኃኒቱ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ትንሽ ሌንስ ነው። ዙም የለውም፣ ፕላስቲክ ነው፣ ከካኖን ሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ነገር ግን ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። አንድ አምፖል በበራበት ሳሎን፣ አይኤስኦ 800 ላይ፣ ኤፍ 5.6 የሚጠይቀው ፍጥነት 1/8 ሰከንድ ገደማ ከሆነ ኤፍ 1.8 በ1/80 ይጨርሰዋል። በ1/8 የሚጨፍር ሰው ቀርቶ የተቀመጠ ሽማግሌም አይጠራም። የ600ዲ ሴንሰር እይታውን 1.6 ጊዜ ስለሚያጠበው ይህ ሌንስ በላዩ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ያያል፤ ካሜራው በቁሙ ተይዞ በ3 ሜትር ርቀት ሲነሳ አንድን ሰው ከጉልበቱ በላይ ይሞላል። በዚያ ርቀት በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ከቆሙ ይበቃል፤ ሚዜው ከኋላ ካለ ወደ ኤፍ 4 ማጥበብ ግድ ነው። ቤተሰብ በሙሉ ተሰልፎ ሲነሳ ደግሞ ወደ 18–55 መመለስ ነው።

የዳስ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በሰማያዊ ሸራ ሥር ቀን ላይ የተነሳ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል። በራው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) የተነሳ ከሆነ ቤት ተመልሶ ኮምፒውተር ላይ ማስተካከል ቀላል ነው፤ በጄፔግ ብቻ ከሆነ ፊቱ ሲስተካከል ነጩ ልብስ ይበላሻል። 600ዲ ራው ያነሳል። ፒ900 ጨርሶ ራው የለውም። ኤስኤክስ60 አለው፣ ሌላው የካኖን ሱፐርዙም ኤስኤክስ540 የለውም፤ ስለዚህ ሱፐርዙም ለመግዛት የቆረጠ ሰው ይህን ሳያጣራ ገንዘብ አይቁጠር። ፍላሽም እንዲሁ ነው። ፒ900 ላይ የውጭ ፍላሽ መግጠሚያ የለም፤ በራሱ ትንሽ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲመታ ግንባር ያብለጨልጫል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ዲኤስኤልአሩ ላይ የተገጠመ ፍላሽ አንገቱን ወደ ነጭ ኮርኒስ ቀና አድርጎ ብርሃኑን ከላይ ማውረድ ይችላል። ኮርኒሱ ሰማያዊ ሸራ ከሆነ ግን አይሞከር፤ የሚመለሰው ብርሃን ሰማያዊ ነው።

ማታ በርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ሥር በተከታታይ ሲነሳ አንዱ ፎቶ ደምቆ ቀጣዩ ይጨልማል፣ አንዳንዱ ላይም የጠቆረ መስመር ይጋደማል። ብዙ ሰው ካሜራው ተበላሸ ብሎ ጥገና ይሄዳል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እነዚህ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማሰር በአብዛኛው ይገላግላል። ይህን ለማድረግ ካሜራው በእጅ የሚስተካከል መሆን አለበት፤ ዲኤስኤልአር ሁሉ ነው፣ ከሱፐርዙሞቹ ግን ኤም የሚል ምልክት መዘውሩ ላይ የሌላቸው አሉ።

ስለ ነጠላና ጋቢም አንድ ነገር፦ ክፈፉ በነጭ ሲሞላ ካሜራው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፤ ነጩ አመድ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የብርሃን ማካካሻውን ወደ +0.7 ወይም +1 ማንሳት ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ግን ወደ ዜሮ መመለሱን መርሳት የለም። ትንሽ ሴንሰር እዚህም ቶሎ ይሸነፋል፤ የነጠላው እጥፋት ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ «እዚህስ ዙም ያሸንፋል» የሚል ይኖራል። ርቀቱን ያመጣዋል፣ ፈረሱን ግን አይጠብቀውም። ፒ900 በሰከንድ 7 ፎቶ ያነሳና 7ቱን እንደጨረሰ ሚሞሪው ላይ እስኪጽፍ ያስቆማል፤ በመመልከቻው የሚታየውም ትንሽ ወደ ኋላ የቀረ ምስል ነው። 600ዲ በሰከንድ 3.7 ብቻ ቢያነሳም መመልከቻው በመስተዋት ስለሚሠራ የሚታየው ፈረስ አሁን ያለው ፈረስ ነው። ፎከሱን ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀስን ነገር የሚከተለው) ላይ፣ ነጥቡን መሃል ላይ፣ ፍጥነቱን 1/1000 ላይ አድርጎ በ55–250 ሌንስ ጋላቢውን ገና ከሩቅ መከተል መጀመር ነው። ይህ ሌንስ በ600ዲ ላይ 400 ሚሊ ሜትር ድረስ ይስባል፤ ለሜዳው ከበቂ በላይ ነው።

ሱፐርዙም ተገቢ ቦታው ጣና ላይ ነው። የአባይ መውጫ ላይ ጉማሬ፣ ዛፍ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ንስር፣ ከደንገል ማዶ ያለ ፔሊካን ለሚያሳይ አስጎብኚ ይህን የሚያህል መሣሪያ የለም። ፒ900 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ይስባል። በ55–250 የተነሳን ፎቶ ያንን ያህል ለማቅረብ ቢቆርጡት ከ18 ሜጋፒክስል የሚተርፈው አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሥራው ወፍና አውሬ ለሆነ ሰው ክርክሩ እዚሁ ያበቃል፤ ሱፐርዙም ይግዛ። ዝናብና አቧራ የሚፈራ ደግሞ ፓናሶኒክ ኤፍዜድ300ን ይፈልግ፦ 600 ሚሊ ሜትር ላይ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ኤፍ 2.8 እንደተከፈተ ነው፣ አካሉም አቧራና ፍንጣሪ ውሃ እንዲቋቋም ተደርጎ ተሠርቷል። ራውም አለው።

ግን 2000 ሚሊ ሜትር የሚሠራበት ሰዓት አለው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ መሬቱ ሲግል በካሜራውና በወፉ መካከል ያለው አየር እንደሚፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ የትኛውም ማረጋጊያ አያስተካክለውም። በቀትር ከሩቅ ሐይቅ ዳር የሚነሳ ወፍ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከንጋት እስከ 3 ሰዓት መሥራት፣ ጀልባው ላይ ሞተሩን ማስጠፋት፣ ፍጥነቱን ከ1/1000 አለማውረድ። ወፉ ከእይታ ሲጠፋ ፒ900 ሌንሱ ጎን ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ለአፍታ ማስፋት ይቻላል፤ ሲለቁት ወደነበረበት ይመለሳል። ብዙ ሰው ቁልፉ ለምን እንደተቀመጠ ሳያውቅ ይሸጠዋል።

አበላሻቸውም ይለያያል። ሱፐርዙም ሌንሱ በወጣ በገባ ቁጥር አየር ይስባል፤ በጠጠር መንገድ በጋውን የከረመ ካሜራ አቧራ ውስጡ ይገባና ዙም ሲደረግ እንደ ወፍጮ ይንኳኳል፣ በመጨረሻ ሌንሱ ወጥቶ ይቀርና «ሌንስ ኤረር» ብሎ ይዘጋል። በእጅ መግፋት ደግሞ ውስጡ ያለውን ጥርሳም ጎማ ይሰብራል። ሌንሱ ስለማይነቀል ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አንድ ብናኝ ለማንሳት ሙሉውን መፍታት ያስፈልጋል። ዲኤስኤልአር ላይ ይኸው ሥራ አምስት ደቂቃ ነው፦ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ ማድረግ፣ ከሜኑው በእጅ የማጽጃውን አማራጭ መርጦ መስተዋቱን ማንሳት፣ አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቆ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ መንፋት። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይተክልበታል። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐይቁ አጠገብ፣ የሁለቱም ጠላት የሌንስ ሻጋታ ነው። የቆዳ ቦርሳ እርጥበት ይይዛል፤ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ሣጥንና ከጫማ ካርቶን የሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይሻላሉ።

ያገለገለ 600ዲ ሲገዛ ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ እያበሩ ማየት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ቀጥሎ ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ነጭ ወረቀት ወይም ሰማይ ማንሳትና ማጉላት፤ ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ዋጋ መቀነሻ እንጂ መተዊያ አይደለም። ከሁሉ የሚዘለለው ፈተና ግን ይህ ነው፦ ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ አስሮ በ18፣ በ24፣ በ35፣ በ55 አንዳንድ ፎቶ ማንሳት። በ18–55 ሌንስ ውስጥ ያለው ቀጭን ሪባን ገመድ ሌንሱ በዞረ ቁጥር ስለሚታጠፍ ይበጠሳል። ሙሉ ተከፍቶ ሲነሳ ክንፎቹ ስለማይንቀሳቀሱ ችግሩ አይታይም፤ ሲጠብብ ነው «ኤረር 01» የሚመጣው። ሻጭ የብረት መገናኛውን በማጥፊያ ላጲስ ጠርጎ «ቆሻሻ ነው» ሊል ይችላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ከተጠረገ በኋላም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከደጋገመ ግን ገመዱ ነው፣ ሌላ ሌንስ ይጠየቅ።

ኒኮን የሚመርጥ ሰው ዲ3100፣ ዲ3200ና ዲ5100 ውስጥ የፎከስ ሞተር እንደሌለ ይወቅ። የራሱ ሞተር የሌለው ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር «ዲ» ሌንስ በእነርሱ ላይ ፎከስ በእጅ ካልዞረ አያደርግም፤ ወይ ሞተሩን በውስጡ የያዘውን፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ሌንስ መግዛት፣ ወይ ሞተር ያላቸውን ዲ90ን ወይም ዲ7000ን መፈለግ ነው። ዲ90 ከ32 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ አይቀበልም።

ቪዲዮ ለሚበዛበት ሰው ሱፐርዙም ይመቻል፤ 600ዲ ሲቀርጽ ፎከሱን ራሱ አይከተልም፣ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ ማለትም በ12 ደቂቃ ገደማ፣ ይቆማል። የሽማግሌ ምርቃት መሃል ላይ ቢቆም መልሱልኝ አይባልም።

ሌላው ክርክር ስልክ ነው። ቀን በቅርብ የሚነሳውን ደህና ስልክ ይሠራዋል። ስልክ ላለው ሰው ሱፐርዙም የሚጨምረው ርቀት ብቻ ነው፤ ዲኤስኤልአር ግን ፍላሽና የጨለማ ሥራ ይጨምርለታል። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ቦዲ ከ18–55 ጋር፣ 50 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛ ባትሪ (መብራት ሲጠፋ ይመጣል ተብሎ ሰርግ አይጠብቅም)፣ ከዚያ ፍላሽ ነው። 55–250 የሚቀጥለው ዓመት ይድረስ።

ሱቅ ውስጥም ታፔላውን ትቶ ሌላ ፈተና መጠየቅ ይቻላል። በሩን ገርበብ አድርጉልኝ ይበሉ፤ ከመደርደሪያው ኋላ የቆመውን ልጅ በሁለቱም ካሜራ፣ ያለ ፍላሽ፣ አይኤስኦ 1600 ላይ አንሥተው ስክሪኑ ላይ ጸጉሩን ያጉሉት።