ይድረስ ለ«አዲስ ለምን አትገዛም?»

ቀን፦ ላፕቶፑ እስኪነሳ በመጠበቅ ላይ ሳለ የተጀመረ
ጉዳዩ፦ ጡረታ እንዲወጡ ስለመጠየቅ

ክቡር «አዲስ ለምን አትገዛም?»፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእርስዎ ምክር በስተቀር ደህና ነኝ። እንዳልናፍቅዎት ደግሞ የማይገኙበት ቦታ የለም።

ባለፈው ላፕቶፔ ቢንቀራፈፍብኝ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ልጁ ገና ሳያበራው ክዳኑን ከፈት አድርጎ የፕሮሰሰሩን (የማሽኑን አእምሮ) ስምና ትውልድ የሚናገረውን ስቲከር አየና «ኮር አይ ስሪ፣ አራተኛ ጀነሬሽን» አለ፤ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወዲያው እርስዎ ከች አሉ። «ሀርድ ዲስኩን አውጥተህ ኤስኤስዲ ብትከትበት፣ ራም ብትጨምርለትስ?» አልኩት፤ ማከማቻውን በፈጣን ለውጥለት፣ የሥራ ማስታወሻውን አስፋለት ማለቴ ነው። «ይቻላል፤ ግን ምን ያደርግልሃል?» አለኝ፣ መስታወቱ ውስጥ ለሽያጭ የተደረደሩትን በዓይኑ እያሳየኝ። ምን ያደርግልኛል? ደብዳቤ እጽፍበታለሁ፣ ኢሜይል አይበታለሁ፣ የልጄን የቤት ሥራ አትምበታለሁ። ሮኬት የማስወነጭፍ መስዬው ይሆን?

ማታ ሜሪላንድ ላለው የአጎቴ ልጅ ነገርኩት። ጨርሼ ሳልነግረው እርስዎን ጠራብኝ። «እዚህ እኮ ሦስት መቶ ዶላር ነው!» አለ። «እንግዲያውስ ላክልኛ» ስለው፣ እስከዚያ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው ኔትወርክ ድንገት ይቆራረጥ ጀመር።

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ጊዜ ሳስተውልዎት አንድ ጠባይ አለዎት፤ ከከፋዩ አፍ ወጥተው አያውቁም። ሻጩ ይጠራዎታል፣ የሰፈሩ አዋቂ ይጠራዎታል፣ የመጨረሻው ሞዴል ማሽን ላይ ተቀምጦ ፕሮግራም የሚጽፈው ኢንጂነር ይጠራዎታል። ኪሱ የሚነካው ሰው ግን ዝም ብሎ ይሰማዎታል። ያ ሦስት መቶ ዶላር በባንክ ዋጋ በ57 ብር ሲመነዘር 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ፣ ላፕቶፑ አንድ ብሎን ሳይጨመርበት ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። (ላፕቶፔ የሚሠራበት የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር፣ ዊንዶውስ 10፣ ለገበያ የወጣውም በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን ነበር። እኔ ምንም አላልኩም።)

ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ፣ ማለትም የደኅንነት አፕዴቱ፣ አበቃ ተባለ። ተተኪው 11 ቲፒኤም 2.0 የሚሉትን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከፕሮሰሰር ሠሪው ከኢንቴል ወገን ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው የሚያስገባው። ሰባተኛው በጅምላ በር ላይ ሲመለስ ጥቂቶች ተመርጠው አለፉ። ካለፉት አንዱ ማይክሮሶፍት ራሱ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 በሚለው ኮምፒውተር ውስጥ ከትቶ ይሸጠው የነበረው ነው። ዘመድ ያለው የሚያልፈው እኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ልኩን ደግሞ ይዩት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ቢያንስ 4 ሜጋባይት ራም ይበቃኛል ይል ነበር። 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይላል። ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ማመልከቻ ግን ያኔም አንድ ገጽ ነበር፣ ዛሬም አንድ ገጽ ነው፤ ከላይ «ጉዳዩ» ተብሎ ከታች ይፈረምበታል።

ማመልከቻ ካነሳን አይቀር፣ ፍርድ ቤት በር ላይ የኮምፒውተር ጽሑፍ የምትሠራውን እህታችንን ልጥቀስልዎት። ዊንዶውስ 7 የጫነ ዴስክቶፕ አላት። ኪቦርዱ ላይ ፊደላቱ ተፋፍቀው አልቀዋል፤ ስፔስ ባሩ በፕላስተር ተይዟል፤ ሞኒተሩ ሲበራ መጀመሪያ ቢጫ ይሆንና ትንሽ ቆይቶ ይነጣል። እሷ ግን ከባለጉዳዩ ጋር እያወራች፣ ወደ ጣቶቿም ሳታይ፣ ቪዥዋል ግዕዝ በሚሉት የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ክሱን ጨርሳ ትነሳለች። የስንት ዓመት መልስና ይግባኝ እዚያች ሳጥን ውስጥ አለ። በእርስዎ ምክር አዲስ ማሽን ላይ ያንኑ ፋይል ስትከፍተው፣ ቪዥዋል ግዕዝ ካልተጫነበት፣ የውርስ ክርክሩ በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ እንግዲህ እርስዎ ያንብቡት።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር ለዘላለም ይደገፍ የሚል ሰው አይደለሁም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ፣ ግን በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር) መጻፍ የጀመረው 386 ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ 2012 ላይ ያንኑ 386 ከሊኑክስ አስወጣው። ሃያ አንድ ዓመት ተሸክሞታልና ይቅር ብዬዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ትናንት ፊልም ሲያጫውት ያመሸው ማሽን ዛሬ ጠዋት በወረቀት ሲሞት ነው።

«ለደኅንነትህ ብዬ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አፕዴት በሌለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ መውጣት አደጋ መሆኑን አልክድም፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው የፍላሽ ቫይረስ ስንቱን ተመራቂ እንዳስለቀሰ አይተናል። ነገር ግን አፕዴቱን ያቆመው ላፕቶፔ አይደለም። አፕዴቱን ማን እንዳቆመው እያወቁ ዕዳውን ለኔ አራተኛ ጀነሬሽን ማሸከም ነውር ነው።

አንድ ቀን ጊዜ ካገኙ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብቅ ይበሉ። እዚያ ማንም አይሰማዎትም። መጀመሪያ ነገር መዶሻው አያሰማም። የመኪና ጎማ በረባሶ የሚሆንበት፣ የዘይት ቆርቆሮ ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ አንድን ዕቃ ገለበጥ የሚያደርጉት ስቲከሩን ለማንበብ ሳይሆን የቱ ጋ እንደሚፈታ ለማየት ነው። «አዲስ ለምን አትገዛም?» ቢሏቸው ስንት ኪሎ እንደሚመዝኑ ነው የሚጠይቁዎት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በፈቃድዎ ጡረታ እንዲወጡ፣ ይህ ካልሆነም ወደፊት በሰው አፍ ሲመጡ ገንዘቡን ይዘው እንዲመጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። በጥሬ ካልተመቸዎት በቴሌብር እቀበላለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
— ለጥገና ቤቱ ልጅ (ኤስኤስዲውን ሌላ ቤት አስገጥሜዋለሁ፤ አሁን ቡና ሳይፈላ ይነሳል)
— ለአጎቴ ልጅ፣ ሜሪላንድ (ኔትወርክ ሲስተካከል)
— ለፋይል (ፋይሉ በቪዥዋል ግዕዝ ነው)