የሞተር ሠሪ ያለህ!

ዛሬ ሆዴ ብሶ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ከታላቅ ወንድሜ ነው የተረከብኳት። ከውጭ ስትታይ ሰፈር ውስጥ ካሉት ኮሮላዎች አትለይም። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ፎር ኤ ጂ ኢ የሚባለው ሞተር ነው የተቀመጠው። 1,587 ሲሲ፣ ሁለት ካም (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ)፣ 16 ቫልቭ። ያማሃ እጁን ያስገባበት ሞተር ነው። በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ ሲወጣ ድምፁን የሰማ ሰው ለምን እንደምወዳት አይጠይቀኝም።

አምና ዘይት መብላት ጀመረች። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች። ሞተር ይውረድ ተባለ። እሺ ይውረድ። ግን ማን ጋ?

እዚህ ላይ ነው መከራው የጀመረው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የራሱ ሰው አለው። «እሱ ጋ ውሰዳት፣ እጁ ወርቅ ነው» ይለኛል። ምን ሠራልህ ስለው «ዲኤክሴን» ይላል። ዲኤክስ የምንለው ኮሮላ ላይ ያለው፣ ቱ ኢ የሚባለው፣ አንድ ካምና 12 ቫልቭ ያለው፣ ረጋ ብሎ የሚሄድ ሞተር ነው። ጥሩ ሞተር ነው፣ ክፉ አይወጣኝም። ትንሽ ስህተት ብትሠራበትም ችሎህ ይኖራል። የእኔ አይችልም። ከ3,500 ወደ 7,000 ዙር ስትወጣ ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወረወር ፒስተኑን በያዘው ዘንግ፣ በቢየላው ላይ፣ የሚያርፈው ጉልበት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። አንዱ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሞተር ይደክማል፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ጉልበት መቀነሱ እውነት ነው። ግን ፒስተኑ እኮ ክብደቱ አልቀነሰም!

ሌላው ነገር፣ እኛ ጋ ሞተር የሚሠራ አንድ ሰው የለም። መካኒኩ ያወርዳል። ብሎኩና ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ) ሬክቲፊካ ቤት፣ ማለትም የሚቦረብሩና የሚሞርዱ ሰዎች ጋ ይሄዳል። ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚን (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ፍለጋ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የምትዞረው አንተ ነህ። ከዚያ መካኒኩ ሁሉንም ተቀብሎ ይገጥማል። በሦስት ሰው እጅ ያለፈ ሞተር ባለቤቱ ማን ነው? ሲበላሽ ታየዋለህ።

እኔ ፒስተን ገዝቼ ሬክቲፊካ ቤት ስደርስ ብሎኩ ተቦርቡሮ ጠበቀኝ። «ፒስተኑን ሳትለኩ እንዴት?» አልኩ። «0.50 አይደል ያልከው? ማንኛውም 0.50 ይገባል» አለኝ ልጁ። ከፋብሪካው ልክ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ፒስተን ማለቱ ነው። መግባቱንማ ይገባል። ግን አንዱ ፋብሪካ የሚሠራው ፒስተን ሲሞቅ ከሌላው ይበልጥ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚቦረበረው በእጅህ ባለው ፒስተን ልክ ነው። እያንዳንዱ ተለክቶ፣ አንደኛው ለአንደኛው፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው። ይሄ ተአምር አይደለም፣ ሚክሮሜትር (ረቂቅ መለኪያ) ያለው ሰው በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ብሎኩን ስረከብ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክሬ ሦስተኛውን ሲሊንደር ጠረግኩት። ጨርቁ እርሳስ እንደተፈገፈገበት ግራጫ ሆኖ ወጣ። የመሞረጃው ድንጋይ ብናኝ ነው። ግድግዳውን ሲሞርዱት የሚቀር ዱቄት። ለመካኒኩ አሳየሁት። «ጋሼ፣ ይሄ በሙቅ ውሃና በሳሙና መታጠብ የለበትም?» አልኳቸው። «በናፍጣ ታጥቧል ልጄ፣ አይዞህ» አሉኝ። ናፍጣ ቅባቱን ያነሳል እንጂ ያን ብናኝ ከጭረቱ ውስጥ አያወጣውም። ይሄን አውቃለሁ። ግን ሰውዬው በአባቴ ዕድሜ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ናቸው። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ።

ዝምታዬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

1,400 ኪሎ ሜትር ነው የሄደችው። ከደብረ ብርሃን ስመለስ መብራት ላይ ስቆም የዘይት መብራቷ ብልጭ ማለት ጀመረ። ከዚያ ከሥር ኳ ኳ ኳ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ሆዱ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። አጥፍቼ አስጎተትኳት። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ሲወርድ ዘይቱ ብር የተነሰነሰበት ይመስል ያብለጨልጫል። ብሮንዚኑ ተልጦ ከሥር መዳቡ ይታያል።

ከዚያማ ዙረቱ። መካኒኩ «ሬክቲፊካ ቤቱ ኮሎውን አበላሽቶት ነው» አሉ። ሬክቲፊካ ቤቱ «ብሮንዚኑ ፎርጅድ ነው» አለ። ሻጩ ደግሞ «አገጣጠሙን ጠይቅ» አለኝ። ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ እንዴት ብዬ ልወቅ? በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ሲገጠም ስንት ነበር? አልተለካም፣ ተለክቶም ከሆነ አልተጻፈም። በእጄ ያለው ወረቀት ላይ ያለው «የሞተር ሥራ» የሚል ቃልና ገንዘቡ ብቻ ነው።

እኔን ከገንዘቡ በላይ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ልክ ስትጠይቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል። «ስንት ነው ክፍተቱ?» ስትል «አታምነኝም እንዴ?» ይባላል። ብሎን የሚጠብቅበትን ጉልበት የሚለካውን ቁልፍ ፈልገህ «ቶርክ ሬንች አለ?» ስትል «ክንዴ ያውቀዋል» ይባላል። እኔ እኮ ሰው መጠርጠር አልፈለግኩም። ቁጥሩ ቢጻፍ እሳቸውንም ከሐሜት ያድናቸው ነበር። ዛሬ ጥፋቱ የእሳቸው ይሁን አይሁን ሳላውቅ አዝኜባቸዋለሁ። ምናልባት እየበደልኳቸው ነው።

ደግሞ የእኔ ነገር የፈጣን መኪና ቅብጠት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለችን መኪና ያለችን ናት። ሚኒባሱም ሃይሉክሱም ሞተሩ እየወረደ ነው የሚኖረው። የልጆቹን ጉሮሮ በዚያች መኪና የሚደፍን ሰው በ1,400 ኪሎ ሜትር ሞተር ሲነክስበት ምን ይሁን?

ሙያው የለም አልልም። አንድ ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። የጭነት መኪና ሞተር የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ባለ ሰዓቱን መለኪያ ሲሊንደሩ ውስጥ ሰደው ላይ፣ መሃል፣ ታች ለኩ። ከዚያ መለኪያውን አዙረው እንደገና ሦስቴ። እያንዳንዱን በደብተር ጻፉት፣ የተማሪ ደብተር ነው። አጠገባቸው የቆመው ባለመኪና ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ቅር አላላቸውም። እንዲያውም ደብተሩን ወደ ብርሃን አዞሩለት። ቆሜ ሳያቸው እንባዬ መጣ። ልለምናቸው ሄድኩ። «ትንንሽ ሞተር ትቻለሁ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ።

ብሎኩ አሁን ሳሎን ጥግ ነው። በሳሙና አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ኮሎውን አልሰጠሁም፣ ለማንም።

ፒስተኑን ሳይለካ የማይቦረብር፣ ብሎክ በሙቅ ውሃ የሚያጥብ፣ የለካውን ጽፎ የሚሰጥ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አዲስ አበባ ባይሆንም ግድ የለኝም። አዳማም ሐዋሳም ጭኜ እወስደዋለሁ። ወረፋው ረጅም ቢሆንም እጠብቃለሁ።