ሞተሩ አልተነካም

ናፍጣ መኪና ያለውን ሰው «እንዴት ከረምክ?» ካላችሁት ስለ ሞተሩ ይነግራችኋል። ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን ለማወቅ ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል። ሦስተኛ ጥያቄ የለም፤ እስከዚያ ኮፈኑ ተከፍቷል።

«አየህ?» ይላል፣ የጠቆረውን ብረት በጣቱ እየጠቆመ። «400 ሺህ ኪሎ ሜትር! ሞተሩ አልተነካም።»

«ይቺ ቱርቦ ግን አዲስ አትመስልም?»

«እሷን አምና ቀይሬያታለሁ።»

«ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮቹስ?»

«እነሱማ ያልቃሉ፤ ያለ ነው።»

«የናፍጣ ፖምፓው?»

«ታድሷል። ውሃ ፈልቶበት ቴስታታውም፣ የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ አንዴ ወርዶ ተሠርቷል። ፍሪሲዮን ሁለቴ፣ ራዲያተር አንዴ። ሞተሩ ግን…» መዳፉን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። «አልተነካም።»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ደግሞም ሰውዬው ጨርሶ አልዋሸም። ናፍጣ ሞተር እውነትም ዕድሜ አለው። ካንዴላ እሳት እስኪጭርለት አይጠብቅም፤ አየሩን ብቻውን አስገብቶ ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ቤንዚን ሞተር ወደ ውስጥ ያስገባውን አሥር እጥፍ ገደማ ሲጨምቅ፣ የድሮው ናፍጣ ሃያ እጥፍ ያልፍ ነበር። ያን ሁሉ ግፊት እንዲችል ብሎኩም፣ ፒስተኑም፣ ክራንክ ሻፍቱም ወፍራም ተደርጎ መሠራት ነበረበት። በዚያ ላይ አይቸኩልም፤ ቤንዚኑ በደቂቃ 6 ሺህ ዙር እየጮኸ ሲወጣ እሱ 4 ሺህ አካባቢ ላይ በቃኝ ይላል። ወፍራም ብረት በዝግታ ሲዞር ብዙ ዓመት ይኖራል። የእኛ ሰው ታዲያ ይህን ሁሉ መሐንዲሶች የሰጡትን ጥንካሬ የራሱ ጠባይ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ «እኔ መኪና አያያዝ አውቃለሁ» ይላል።

ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ሞተር አውግስቡርግ ላይ በተሳካ ሁኔታ ያስነሣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲሻገር፣ ማታ ወደ ክፍሉ ገብቶ ጠዋት አልተገኘም። ለሞተሩ ያወጣለትን ዕድሜ ለራሱ አላወጣም።

ወሬው ሲሟሟቅ የግሪኩ ታክሲ ይመጣል። ናፍጣ ወዳዶች በተሰበሰቡበት ይህ ታሪክ ሳይነሣ አይታደርም። የተሰሎንቄ ታክሲ ነጂ መርሴዲስ 240 ዲውን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአምራቹ ሙዚየም አስረክቧል። እውነት ነው፤ መኪናው አለ። በዚያ ሁሉ መንገድ ሞተሩ እየወረደ በሌላ ሲተካ እንደነበር የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። የሚያውቀውም ሰው ፊት አያወራውም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ክፍል መዘለሉ ነው። ታክሲ ቀኑን ሙሉ ሞቆ ይውላል። ሞተርን ክፉኛ የሚበላው ደግሞ ሩጫ ሳይሆን በቀዝቃዛው መነሣት ነው፤ ዘይቱ ገና ሳይዳረስ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ያ መጀመሪያው ጊዜ። ዘይቱ በሰዓቱ እየተቀየረለት በረጅም አስፋልት 400 ሺህ የሄደ መኪና፣ እየተነሣ እየጠፋ ሰፈር ለሰፈር 100 ሺህ ከዞረው ይልቅ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚጠይቅ ገዢ ግን አላጋጠመኝም። ሁሉም የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው፤ ሻጩም የሚመልሰው እሱኑ ነው።

ቁጥሩስ ቢሆን ሲወራ ያድጋል፣ ሲሸጥ ይወርዳል። በወዳጅ ፊት 400 ሺህ የነበረው ኪሎ ሜትር፣ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት መስታወቱ ላይ በተለጠፈ ማግስት 180 ሺህ ሆኖ ያድራል። ብዙዎቹ የድሮ ዳሽቦርዶች ይህን ውለታ በራሳቸው ይውሉ ነበር፤ አምስት አሃዝ ብቻ ስለነበራቸው 99,999 ሲሞላ ተመልሰው ዜሮ ላይ ይቀመጣሉ፣ ማንም ሳይዋሽ መኪናው ይወለዳል። የዛሬው ዲጂታል ስለሆነ ላፕቶፕ የያዘ ልጅ ያስፈልገዋል። ልጁ ታዲያ ዳሽቦርዱን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ብረቱ ብቅ ብሏል፤ የመሪው ቆዳ ተልጦ ያበራል፤ የሹፌሩ ወንበር በመውረጃው በኩል ጎድጉዷል። ወጣቱ መኪና የሽማግሌ ወንበር ይዞ ገበያ ይወጣል።

ገዢው የሚያውቅ ሰው ይዞ ይመጣል። «የሚያውቅ ሰው» ብዙውን ጊዜ አማች ነው። አማችየው ሰላምታ ሰጥቶ ምንም ሳይናገር ቀጥ ብሎ ወደ መኪናው ይሄድና መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል።

«ሞቋል» ይላል።

«እንዳላስጠብቃችሁ ብዬ ነው ያሞቅሁት» ይላል ሻጩ፣ ከልቡ አዝኖ።

የደከመ ናፍጣ የሚታወቀው ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሣ ነው። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ከተበሉ የሚጨመቀው አየር በጎን ያመልጣል፣ በቂ ሙቀት አይፈጠርም፣ ናፍጣው አልቀጣጠል ይላል። ሲሊንደሩን ለመነሻ የሚያሞቁት ማሞቂያዎቹም ከሞቱ ባትሪው እስኪያልቅ ቢዞር መልስ የለም። አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ያው ሞተር በአንድ ቁልፍ ይነሣል፣ ሻጩም «አየህ?» ይላል። አማችየው ይህን ስለሚያውቅ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን እንዲከፍቱለት ይጠይቃል። ከሲሊንደሩ በጎን ያመለጠው ጭስ ከቀዳዳው እየተገፋ ቡፍ ቡፍ ይላል።

«ይተነፍሳል» ይላል አማችየው።

«ታዲያ ሁሉም ይተነፍሳል ወንድሜ፤ እኔና አንተስ እንተነፍስ የለም እንዴ?»

አማችየው መልስ ያጣል። ገዢው ግን እስከዚያ ቀለሙን ወዶታል።

ጭስ ላይ የሚሰጠው ትርጓሜ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጥቁር ሲያጨስ «ጉልበት ነው» ይባላል። አየር ያጠረው ወይም ናፍጣ የበዛበት ሞተር የተገዛውን ነዳጅ ሳያቃጥል በጭስ ማውጫው እየወረወረው መሆኑን ማንም አያነሣም። ሰማያዊ ከሆነ «ትንሽ ዘይት ይወዳል» ነው፤ ትንሿን ዘይት ለማሟላት ኋላ ሁልጊዜ አንድ ጄሪካን ተጭኖ ይሄዳል። ነጭ ሲሆን ጥፋቱ የብርዱ ነው። ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ይችላል፣ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃም ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይ አናት በምትበሳበት እኩለ ቀን እንኳ ግን ብርዱ ነው። አንድ ነገር ላይ ብቻ እውነታቸውን ነው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ቢጠቁር አያስደነግጥም፣ ጥላሸቱን ይዞ መዞር የዘይቱ ሥራ ነው። ይህችን አንዲት እውነት ይዘው ሌሎቹን ሁሉ ያሳልፉባታል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ድሮው ናፍጣ ነው፤ ይቅር ባዩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ አምፖል የማያበራው። አዲሱ ሌላ ፍጥረት ነው። ናፍጣውን እስከ 2 ሺህ ባር በሚደርስ ግፊት፣ በዓይን በማይለዩ ቀዳዳዎች ነው የሚረጨው፤ ቆሻሻ ወይም ውሃ የገባበት ነዳጅ ከቀመሰ ኢንጀክተሩ ይታመማል፣ ሕክምናው ደግሞ ቤተሰብ ያሰባስባል። ጭሱንም እንዲሁ አይለቀውም፤ ጥላሸቱን በፊልተር አጥምዶ ያጠራቅምና 600 ዲግሪ ገደማ አግሎ ያቃጥለዋል። ለዚህ የሚበቃ ሙቀት የሚገኘው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይቆራረጥ ሲነዳ ነው።

ይህን መኪና የሚገዛው ማነው? ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ ሰው። መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው፤ ሞተሩ ሊሞቅ ሲል ይጠፋል። አገር ሊያቋርጥ የተሠራ ማሽን አንድ ጥግ ዞሮ ይቆማል፣ ፊልተሩም ቀስ በቀስ ይደፈናል። አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማ መብራት ይበራል።

«ምንድን ነው እሱ?» ትላለች ባለቤቱ።

«ሴንሰር ነው።»

ሴንሰር ነው ማለት ወር ያቆያል። ከዚያ መኪናው ጉልበት ይነሳዋል፣ መካኒኩም ረጅም መንገድ ያዝዛል። እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ለብሶ ይሳፈራል።

«የት ነው የምንሄደው?»

«ፊልተር ልናቃጥል።»

ሄደው ሄደው፣ የትም ሳይደርሱ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ይመለሳሉ። ከኋላ ያሉት ልጆች ይህን ሽርሽር ካደጉ በኋላ ለሐኪም የሚያወሩት ይመስለኛል።

ትዕግሥቱ ያለቀበት ደግሞ ፊልተሩን አስቆርጦ ያስወጣውና ኮምፒውተሩን «አለ» ብሎ እንዲያምን ያስደርገዋል። ከኋላው የሚነዳው ሰው እያሳለ ያልፋል። ልንኮንነው እንችል ነበር፤ ግን ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በምርመራ ሰዓት ጨዋ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ሌላ የሚሆን ሶፍትዌር 11 ሚሊዮን ገደማ ናፍጣ መኪናዎች ላይ መጫኑን ካመነ በኋላ፣ የሰፈሩን ሰው በምን ፊት እንቆጣዋለን?

መካኒኩ በዚህ ሁሉ መሀል ዝም ብሎ የሚኖር ሰው ነው። ሞተሩ እንዳልተነካ በየስብሰባው ሲነገር ይሰማል፤ ኢንጀክተሩን የነካው፣ ፖምፓውን ያወረደው፣ ቴስታታውን የከፈተው እሱ ነው። አያስተባብልም። እንዲህ ያለ ደንበኛ በየወሩ ይመጣል።

በቀደም ከእነዚህ ወዳዶች ለአንዱ የቮልቮውን ነገር ነገርኩት። ኢርቭ ጎርደን የሚባል አሜሪካዊ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ የገዛውን ቮልቮ ፒ1800 ራሱ እየነዳ እ.ኤ.አ. በ2013 3 ሚሊዮን ማይል አልፏል፤ በኪሎ ሜትር 4.8 ሚሊዮን፣ ከግሪኩ ታክሲ የሚበልጥ። ዘይት መቀየሪያ ጊዜ የማያሳልፍ፣ መጽሐፉ ያዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነበር። ወዳጄ ፊቱ በደስታ በራ።

«አላልኩህም? ናፍጣ!»

«ቤንዚን ነው» አልኩት።

ዝም አለ። ራዲያተሩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ቤንዚን ሆኖ ይህን ያህል ከሄደ» አለ በመጨረሻ፣ «ናፍጣ ቢሆን የት በደረሰ ነበር!»