የ200 ብር አባት

እናንተ የሰፈሬ ሰዎች፣ በተለይ እናንተ አባቶች፣ ዛሬ ቅር ቢላችሁም ይበላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፌን ይዤ ነበር። አሁን ግን አልቻልኩም።

ነገሩ የሆነው ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሁለተኛው ቅዳሜ ነው፣ እዚሁ ኮልፌ። ልጄ የምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ጠርቷል። የሁለተኛው ሴሚስተር ሚድ ታርሟል፤ ውጤት ይነገራል፣ ወላጅ ይፈርማል። የጥሪ ወረቀቱ ላይ «ወላጅ ያላመጣ ተማሪ ሰኞ ክፍል አይገባም» የሚል ተጽፏል። ባለቤቴ ገባች። እኔ በሩ ላይ ያለችው ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ አዘዝኩ። ለምን አልገባህም ብትሉኝ መልስ የለኝም። ሁልጊዜም እሷ ናት የምትገባው። ደግሞም ብቻዬን አልነበርኩም። ግራና ቀኝ ሰባት ስምንት ወንዶች ተቀምጠናል። ስለ አርሴናል እየተከራከርን ነው።

አንድ ልጅ መጣ። አሥራ ስድስት ወይ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። የዩኒፎርም ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል። አጠገቤ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አንዴ ላናግርዎት?» አለኝ። ሊለምነኝ መስሎኝ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ።

«አይ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የምከፍልዎት።»

«ለምኑ?»

«አጎቴ ይሁኑልኝ። አሥር ደቂቃ ነው። 200 ብር አለኝ።»

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እኛም በጊዜያችን «ወላጅ አምጣ» ስንባል ሊስትሮውንም ዘበኛውንም አጎት አድርገን አስገብተናል። ልጁ ግን አልሳቀም። በሩ ላይ የቆመውን ሎተሪ አዟሪ በአገጩ አሳየኝና፣ «እሱ 300 አለኝ። ዛሬ ገበያ ላይ ነው፣ ሦስት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል» አለ። ከዚያ ኮቴን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «እርስዎ ደሞ ወላጅ ይመስላሉ» ብሎ ጨመረ።

ወላጅ ይመስላሉ!

«ምን አጥፍተህ ነው?» አልኩት። «ምንም» አለ። አላመንኩትም። ግን ወሬው ጥሞኛል። ለሰው የምነግረው ቀልድ አገኘሁ ብዬ ተነሣሁ። «ብርህን ያዝ፣ በነፃ ነው» አልኩት፣ በኩራት። ቸርነቴን እዩልኝ እንግዲህ።

11ኛ ክፍል ገባን። የክፍል ኃላፊዋ ወጣት መምህርት ናት፤ ጣቶቿ ጠመኔ እንደነካቸው ናቸው። ፊቷ የመፈረሚያ ወረቀት ተዘርግቷል። 58 ስም አለበት። እስከዚያ ሰዓት የፈረመው 11 ሰው ነው፤ ቆጠርኩት። አብዛኛው የሴት ስም ነው። ከወንዶቹ ፊርማ ስንቱ የሎተሪ አዟሪው እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

መምህርቷ ልጁን ስታይ ፊቷ በራ። «እንኳን መጡልኝ! ስለ እሱ የምነግረው ሰው ሳጣ ነበር» አለችኝ። ውጤቱን በጣቷ እየተከተለች አሳየችኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ከመቶ 43 ነው ያመጣው። አሁን ሚዱን ከ30 27 አመጣ። ፊዚክስም እንደዚያው። ከክፍሉ 41ኛ የወጣ ልጅ ነው እንግዲህ። «በዚህ ከቀጠለ የትም ይደርሳል» አለች።

ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ቤት ውስጥ ምን አደረጋችሁለት? ለሌሎቹም ወላጆች ልነግራቸው ነው።»

ላብ አጠመቀኝ። «እኔ ዘመዱ አይደለሁም» ማለት እችል ነበር። ቢያንስ ዝም ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን ይኸውላችሁ፦ «እንግዲህ… እንቆጣጠረዋለን።»

እንቆጣጠረዋለን። ይህችን ቃል ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ። ልጁ አጠገቤ ቆሟል። ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አልቻልኩም፣ ጫማውን ነበር የማየው። የአንዱ እግር ማሰሪያ በሲባጎ ተተክቷል። መምህርቷ ደግሞ ማስታወሻዋን አውጥታ «የወላጅ ክትትል» ብላ ጻፈች። በዓይኔ አየሁ። ስልክ ጠየቀችኝ፤ የመጨረሻዋን ቁጥር ቀይሬ ሰጠኋት። ፈረምኩ። የማን ስም እንደጻፍኩ አልነግራችሁም።

ስንወጣ፣ «ማን ነው የሚያስጠናህ?» አልኩት።

«ማንም። አብርሆት እሄዳለሁ።»

አራት ኪሎ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ማለቱ ነው። ከኮልፌ ሁለት ታክሲ፣ ሲመለስም ሁለት ታክሲ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ቴሌቪዥኑ እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም። እና 200 ብሩስ ከየት መጣ? «የታክሲዬ ነው። የሚቀጥለውን ሳምንት በእግሬ እሄዳለሁ» አለ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር።

ያኔ ነው «የማን ልጅ ነህ?» ያልኩት። አጎቱ ሆኜ ከጨረስኩ በኋላ። ነገረኝ። አባቱን አውቀዋለሁ። አንድ እድር ነን።

ብሩን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተው። አውጥቼ ሰጠሁት። ደግሞ ከተተውና ሮጠ። ራቅ ካለ በኋላ ዞር ብሎ፣ «ይያዙት ጋሼ! ለሰኔም እፈልግዎታለሁ!» አለኝ። ሰኔ ሪፖርት ካርድ የሚሰጥበት ነው።

ሰኞ አባቱን ሱቁ ሄጄ አገኘሁት። ልጁን አላጋለጥኩም። እንዲሁ ነገር ጠምዝዤ፣ «ቅዳሜ ትምህርት ቤት አላየሁህም» አልኩት። እኔ! በር ላይ ማኪያቶ ስጠጣ የነበርኩት ሰውዬ።

«ሠልስት ነበረ እኮ፣ ረሳኸው? ድንኳን ካልተገኘህ ትቀጣለህ» አለኝ።

እውነቱን ነው። የእድራችን ደንብ ግልጽ ነው፤ ቅጣቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የወላጅ ስብሰባ የቀረውን ግን ማን ይቀጣዋል? ይህን ልለው አፌን ስከፍት ድምፁ ወረደ። «ደሞስ ሄጄ ምን እላለሁ? እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እንግሊዝኛውን አልችል፣ ሒሳቡን አልችል። እዚያ መምህር ፊት ተገትሬ ምን ልሆን?» አለኝ።

ቁጣዬ እዚያው ሟሟ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጁ ደብተር ጎድሎበት አያውቅም። ግን ልጁ ከ30 27 ማምጣቱን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። የሰው የምሥራች ጉያዬ ውስጥ ይዤ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ተመለስኩ።

እና ምን ነክቶን ነው? ሰው ሲሞት እኮ እኛን የሚያህል የለም። ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ይቆማል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ሬሳ ያለ ሸኚ ሄዶ አያውቅም፤ ይህን ማንም አይቀማንም። ሠርግ ሲሆንማ አትጠይቁኝ። ሚያዝያን ሙሉ ሞንታርቦው እስከ ሌሊት ሲያናውጠን ከግድግዳው ወዲያ የ12ኛ ክፍል ልጅ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና እንደምታነብ ማን አስቦ ያውቃል? ወመህ የሚባል የወላጅና የመምህር ኅብረትም አለን፤ ሊቀ መንበሩን እንኳ በመልክ የምናውቅ ስንት ነን?

ማትሪክ ሲደርስ ግን ሁላችንም ወላጅ ነን። ልጆቹ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲጫኑ አውቶቡሱን ከበን እናለቅሳለን። ዳቦ ቆሎ እናሲዛለን፣ ስለት እንሳላለን። ውጤት ሲመጣ ደግሞ ስድብ ነው። በ2014 ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። በ2017 8.4 በመቶ ሲሆን ተሻሻለ ተባለ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ያኔ ሁላችንም ባለሙያ ሆንን። ካሪኩለሙ ነው፣ ኩረጃው ነው፣ ቲክቶኩ ነው። ይሁን፣ ሁሉም የየራሱ ድርሻ ይኖረዋል። የመምህሩ ደሞዝ ራሱን የቻለ ሌላ ለቅሶ ነው። ግን ያን 58 ስም ያለበትን ወረቀት 47 ቦታ ላይ ባዶ ያደረገው ማን ነው? ካሪኩለሙ ነው?

ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ያን ቀን ማታ ልጄን፣ «ለመሆኑ ስንተኛ ሴክሽን ነሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ሚያዝያ እኮ ነው» አለች። ሴክሽኗን ሳትነግረኝ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። እናቷን ልጠይቅ ብዬ አፈርኩ። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ስምንት ወር ነው።

መምህርቷ ጋ ሄጄ እውነቱን ልነግራት ሁለት ቀን ተነሥቻለሁ። ሁለቱንም ቀን ካፌው ላይ ቀረሁ። አንዴም «ስብሰባ ላይ ናት» ብዬ ራሴን አታለልኩ፣ ሳልጠይቅ። አንድ ልጅ 200 ብር ይዞ የማያውቀውን ሰው ለማናገር ያገኘውን ድፍረት እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላገኘሁትም።

የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ግን ነገሩን አነሣሁት፤ የልጁን ስም ሳልጠራ። የወላጅ ስብሰባ የቀረ አባል እንደ ቀብር ይቀጣ አልኩ። ሳቁብኝ። ጸሐፊው «ደንባችን ስለ ሞት ነው የሚያወራው» አለ። ጭቅጭቅ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ያ አዳራሽ ማታ ማታ አይጥ ነው የሚጫወትበት። ወንበር አለው፣ አምፖል አለው። ልጆቹ ለምን አያነቡበትም?» አሉ። የመብራቱን ሒሳብ ማን ይክፈል በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ተከራከርን፤ ለማያልቅ ንፍሮ የማንከራከር ሰዎች። ለማንኛውም ተፈቀደ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ ለሙከራ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እስካሁን አራት ልጆች መጥተዋል። አንዱ ለቻርጀር ሶኬት ፈልጎ ነው የመጣው፤ ይምጣ። ባለ 200 ብሩ ልጅ ግን አልመጣም። የኔዋ ሁለተኛው ማታ ላይ መጥታ ጥግ ተቀመጠች። ሴክሽኗ «ዲ» ነው።

ወንድሜ፣ ባለ ሱቁ፣ ይህን ካነበብክ ልጁን አንዲት ክፉ ቃል እንዳትናገረው። ምንም አላጠፋም። ሒሳብ 27 አምጥቷል፣ ከ30። ይህን ልነግርህ ይገባ የነበረው ያን ሰኞ ነው። እንግሊዝኛ አያስፈልግህም፤ መምህርቷ አማርኛ ነው የምታወራው፤ የምታወራውም ስለ ልጅህ ነው። ሌሎቻችሁም እንደዚሁ። ጥርጊያው መንገድ ይታወቃል፤ ካፌዋ ላይ አትቁሙ።

200 ብሩን በልጄ በኩል ልኬለት ነበር። መልሳ አመጣችው። «ቀብድ ነው ይልሃል» አለችኝ።

እንግዲህ ቀብድ በልቻለሁ፣ ሰኔ ላይ እሄዳለሁ። ኮቴንም እለብሳለሁ። አባቱ ያቺ ወንበር ላይ ተቀምጦ ካገኘሁት ግን ውል አፍራሽ ልባል፤ እንደ ደንቡ እጥፉን፣ 400 ብሩን ቆጥሬ ለልጁ እከፍላለሁ።