ከካፒታል በፊት ደንበኛ

የራሱን ሥራ ለመጀመር ከሚያስብ ሰው ጋር ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምንሰማው «መነሻ ካፒታል ባገኝ» የሚለውን ነው። አባባሉ ስህተት ነው ለማለት ባልደፍርም፣ የውሳኔውን ቅደም ተከተል እያዛባ ስንቱን ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ጥሪት ሲያሳጣ በማየቴ በዝምታ ላልፈው አልፈልግም። ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ቤት መከራየት፣ ቀለም ማስቀባት፣ መደርደሪያ ማሠራት፣ ከዚያም በሩን ከፍቶ ገዢ መጠበቅ። እቃውን ማን ይፈልገዋል፣ እስከ ዛሬስ ከማን ሲገዛ ነበር፣ ያንን ትቶ ወደ እኔ የሚመጣው በምን ምክንያት ነው የሚሉት ጥያቄዎች የሚነሡት ገንዘቡ ግድግዳና መደርደሪያ ሆኖ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው። በመጀመሪያ ዘመድም ወዳጅም ያልሆነ፣ ከኪሱ ከፍሎ የሚገዛ አንድ ሰው ይፈለግ፤ ቤቱም ብድሩም ከዚያ በኋላ ይታሰብ። ዘመድ በይሉኝታ ስለሚገዛ የእሱ ገንዘብ ስለ ገበያው የሚነግረን ነገር የለም።

የሥራው ዓይነት ምርጫ ላይም ተመሳሳይ ችግር አለ። ጎረቤት የከፈተው ሱቅ ሰው ሲበዛበት አይቶ ያንኑ ከጎኑ መክፈት የተለመደ ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደሚባለው፣ ከውጭ የሚታየው የደንበኛው ብዛት እንጂ የዱቤው መዝገብ፣ የተበላሸው እቃ ወይም ባለቤቱ ሌሊት የሚሠራው ሥራ አይደለም።

ነገሩን ለማስረዳት ቦርሳ እየሰፋች መሸጥ የጀመረች የአንዲት ጓደኛዬን ሁኔታ ላንሣ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቼአቸዋለሁ። አንዱን ቦርሳ በ100 ለመሸጥ አሰበች፤ ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ዚፑና ክሩ ተደምረው 60 ስለሚፈጁ ከአንዱ የሚተርፋት 40 ነው። ልትከራየው የነበረው ቤት በወር 8,000 ይጠየቅበታል፤ መብራቱ፣ መጓጓዣው፣ የስፌት መኪናው ጥገናና ለራሷ መኖሪያ የሚያስፈልጋት ደግሞ በጠቅላላው 4,000 ይሆናል። እንግዲህ ቢሸጥም ባይሸጥም በየወሩ የሚወጣው 12,000 ነው። ይህ ለ40 ሲካፈል 300 ቦርሳ፣ በወር 25 ቀን ብትሠራ ደግሞ በቀን 12 ቦርሳ ማለት ነው። በጥንቃቄ ስትሰፋ በቀን ማድረስ የምትችለው አምስት ብቻ ነው። ቤቱን ትታ በመኖሪያዋ ብትሠራ ግን 4,000ው ለ40 ተካፍሎ በወር 100፣ በቀን አራት ይበቃታል። በአንዲት ወረቀት ላይ የተሠራ ይህ የማካፈል ስሌት ከብዙ ምክር ይልቅ ጠቅሟታል። ለራሷ መኖሪያ የሚሆነውን ከወጪው ውስጥ ማስገባቷን በተለይ አደንቃለሁ፤ ብዙዎች የራሳቸውን ድካም በነፃ ስለሚቆጥሩት በኪሳራ እየሠሩ እንዳተረፉ ይሰማቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ናሙና ሰፍታ ለማታውቃቸው ሰዎች ማሳየት ጀመረች። እሷ ስትጨነቅ የነበረው ስለ ቀለሙ ሲሆን፣ ሰዎቹ ግን ቦርሳውን እንደተቀበሉ ማንገቻውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ይጎትቱት ነበር። በማግስቱ የማንገቻውን ስፌት ድርብ አደረገችው። ኪራይ ከፍላ ቢሆን ኖሮ ይህንን ትምህርት የምታገኘው ከመቶዎቹ ቦርሳዎች በኋላ ነበር።

አንድ ነጋዴ 100 ቦርሳ በአንድ ጊዜ ሊወስድና ከ60 ቀን በኋላ ሊከፍል ሲጠይቃት ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ ለ100 ቦርሳ ጥሬ እቃ 6,000 ይወጣል፤ በሁለተኛው ወርም ሥራው እንዳይቆም ሌላ 6,000 ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ክፍያ እጇ ሳይገባ 12,000 ወጣ ማለት ነው። በወረቀት ላይ እያተረፈ፣ ነገር ግን ለነገ ጨርቅ መግዣ አጥቶ የሚዘጋ ሥራ ብዙ ነው፤ ትርፍና በእጅ ያለ ገንዘብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሳያውቁ መጀመር ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል። እሷ ግማሹን በቅድሚያ ተቀብላ 30 ብቻ ሰጠችው።

ስለ ሕጋዊ አቋም ባጭሩ ልበል። ሥራው በግለሰብ ስም ብቻ የተመዘገበ እንደሆነ፣ የንግዱ እዳ እስከ ባለቤቱ የግል ንብረት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ግን ከባለቤቱ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት አለው፣ ማለትም በሕግ ፊት ራሱን እንደቻለ ሌላ ሰው ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1897 የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የጫማ አምራቹ ሳሎሞን ያቋቋመው ኩባንያ እዳ የራሱ የሳሎሞን እዳ እንዳልሆነ የወሰነው በዚሁ መሠረት ነው። እርግጥ አበዳሪ የባለቤቱን የግል ዋስትና ካስፈረመ ይህ ከለላ ለዚያ ብድር አይሠራም፤ ስለዚህ ከመፈረም በፊት ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ከጓደኛ ጋር በሽርክና የሚጀምርም ቢሆን አንዱ መውጣት ቢፈልግ ምን እንደሚደረግ ፍቅሩ ሳይቀዘቅዝ በጽሑፍ ያስፍር።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለብዙ ዓመታት የሰበሰበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ ከአዳዲስ የንግድ ተቋማት ከአምስቱ አንዱ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ይዘጋሉ። ሁሉም በኪሳራ ተዘጉ ማለት አይደለም፤ የተሸጠም፣ ባለቤቱ ሌላ ሥራ ያገኘም አለ። ሆኖም ሲጀምሩ የማቆሚያውን መጠን መወሰን ግድ መሆኑን ይነግረናል። ጓደኛዬ በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከስንት ገንዘብ በላይ እንደማትጨምርና ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ሁሉንም እንደምትመረምር ጽፋ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ሽያጩ በወር 70 ላይ ቆሟል። ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ ስትመለከት ከ70ው 50 ያህሉ መሣሪያቸውን የሚይዙበት ትልቅ ቦርሳ ከፈለጉ የእጅ ባለሙያዎች የመጡ ሆነው አገኘቻቸው። ትንሹን ቦርሳ አቆመች፤ በትልቁ ላይ ዋጋ ጨምራ አሁንም በመኖሪያ ቤቷ ትሰፋለች።