ሦስት በመቶ ሳይሞላ እሱንም እንቁረጥ?

“ደኑ አርጅቷል። ያረጀ ዛፍ ካርቦን መሳብ ያቆማል። ቆርጠን ወጣት ዛፍ ብንተክልበት ለአየር ንብረቱም ይበጃል።” ሰሞኑን አንድ የእንጨት ንግድ ተሟጋች እዚህ ጀርመን በአንድ ውይይት ላይ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ። የሚያወሩት ስለ ሃይኒሽ ነው። “እንጨቱ እዚያው እንዲበሰብስ መተው ብክነት ነው” የምትለዋንም ጣል አደረጉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ግን አንጀቴ አረረ።

ሃይኒሽ መሀል ጀርመን፣ ቱሪንጊያ በተባለ ክልል ውስጥ ያለ የቢች ደን ነው፤ ቢች ማለት ሰፋፊ ቅጠል ያለው የአውሮፓ ዛፍ ነው። ከፊሉ ለአሥርት ዓመታት የጦር ልምምድ ቦታ ስለነበር ሰው እንደልቡ አይገባበትም ነበር። ደኑን ያተረፈውም ይኸው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 መጨረሻ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2011 ደግሞ ከሌሎች አራት የጀርመን የቢች ደኖች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ፓርኩ በሙሉ 7,500 ሄክታር ገደማ ነው። ቅርስ የተባለው ክፍል 1,500 ሄክታርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዓይናቸውን የጣሉት እንግዲህ በዚህች ቁራሽ ላይ ነው።

“እሱም ቢሆን ድንግል ደን አይደለም፣ ድሮ ይቆረጥ ነበር” የሚሉም አሉ። እውነት ነው። ድንግል ደንማ ጀርመን ውስጥ የት ተገኝቶ! ሰው ባይነካው ኖሮ የዚህ አገር መሬት ሁለት ሦስተኛው በቢች ይሸፈን ነበር። ማን ጨረሰውና ነው ዛሬ “ድንግል አይደለም” ተብሎ የሚቀለደው?

ወደ ካርቦኑ ልመለስ። ሰውዬው ምሳሌ የሚሆን ሌላ ደን ቢፈልጉ ይሻላቸው ነበር። ምክንያቱም “ያረጀ ዛፍ አይስብም” የሚለው ነገር የተፈተሸው እዚያው ሃይኒሽ ውስጥ ነው። ከዛፎቹ አናት በላይ የሚወጣ የመለኪያ ማማ አለ። የና (Jena) በተባለች ከተማ ካለው የማክስ ፕላንክ የባዮጂኦኬሚስትሪ ተቋም የመጡ ተመራማሪዎች ደኑ ስንት ካርቦን እንደሚያስገባ፣ ስንት እንደሚያስወጣ ሌት ተቀን ለኩ። ውጤቱን በ2003 አሳተሙ። በ2000 እና በ2001 ደኑ በሄክታር በዓመት 5 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ውጦ አስቀርቷል። ይህ እንግዲህ የመተንፈሱ ሁሉ ተቀንሶ የተረፈው ነው። እዚያ ያሉት ዛፎች እስከ 250 ዓመት ዕድሜ አላቸው። ጡረታ ወጥተዋል የተባሉት ዛፎች ማለት ነው!

በ2008 ደግሞ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ መረጃ ያየ ሌላ ጥናት ወጣ። ከ15 እስከ 800 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ደኖች በአብዛኛው ከሚለቁት የሚስቡት ይበልጣል የሚል ነው። በመጠኑ ላይ ሳይንቲስቶች ተከራክረዋል፣ ይከራከሩ። ወጣት ደን በፍጥነት ያድጋል ቢሉኝም አልጣላም። ግን ፍጥነቱ ብቻ ምን ይሠራልኛል? ዋናው ነገር የተከማቸው ነው። በግንዱ፣ በሥሩ፣ በወደቀው እንጨት፣ በአፈሩ ውስጥ ለመቶ ዓመታት የተጠራቀመ ካርቦን አለ። ያረጀው ደን ነገ ጠዋት መሳቡን ጨርሶ ቢያቆም እንኳ ያንን ይዞ ይቆያል። “ጎተራው ሞልቷል፣ ከእንግዲህ ብዙ እህል አይገባበትም” ብሎ ጎተራውን የሚያቃጥል ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነዚህ ሰዎች ግን ይህንኑ እንደ ሳይንስ ያቀርቡልናል።

ማቃጠል ያልኩት ደግሞ ለማጋነን አይደለም። “እንጨቱ ቤትና ዕቃ ይሆናል፣ ካርቦኑም እዚያ ታስሮ ይቀመጣል” ይሉናል። ለቤት ግንባታ የሚፈለገው በብዛት ስፕሩስ የተባለው እንደ ጥድ ያለ ባለ መርፌ ቅጠል ዛፍ ነው እንጂ ቢች አይደለም። ቢች ደጅ ከዋለ ቶሎ ይበሰብሳል። እዚህ አገር ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች የሚገኘው እንጨት አብዛኛው ምድጃ ውስጥ ነው የሚገባው። በክረምት በየሱፐርማርኬቱ ደጃፍ በመረብ ታስሮ የሚሸጠውን ማገዶ እስቲ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ቢች ነው! ሁለት መቶ ዓመት የተጠራቀመው በአንድ ምሽት በጭስ ማውጫ ይወጣና የተተከለው ችግኝ ያንን እስኪመልስ የልጅ ልጆቻችን ይሸመግላሉ። በጫካ ሲበሰብስ ብክነት፣ ሳሎን ሲቃጠል የአየር ንብረት ጥበቃ። እንዲህ ያለ ሒሳብ የት ትምህርት ቤት እንደሚያስተምሩ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

የሚበሰብሰውስ ቢሆን ለማን ነው የባከነው? እንጉዳዩ ይበላዋል፣ ጥንዚዛው ይራባበታል፣ ግንደ ቆርቁሩ ጥንዚዛውን ይለቅማል፣ ሃይኒሽ የሚታወቅበት የዱር ድመት በተቦረቦረው ግንድ ውስጥ ይወልዳል። ለአፈሩም ይተርፋል። ባከነ የተባለው ደረሰኝ ስላልተቆረጠበት ብቻ ነው።

በጥቅምት 2024 የወጣው የጀርመን የደን ቆጠራም መጥቀሚያ ሆኗቸዋል። ደኑ ከ2017 ወዲህ ካርቦን መሳቡ ቀርቶ መልቀቅ ጀምሯል፣ ስለዚህ ይቆረጥ፣ ይታደስ ነው ነገሩ። አቤት ድፍረት! በድርቁ ዓመታት በብዛት ያለቀው እኮ ስፕሩስ ነው። እዚሁ ጀርመን ሃርትስ በሚባሉት ተራሮች ላይ የቆመው ግራጫ አፅም የማን ነው? ለገበያ ተብሎ ስፕሩስ ብቻ በሰፊው የተተከለበት፣ ቅርፊት በሉ ጥንዚዛ እንደ ሰደድ እሳት የበላው። በ2018 እና በ2019 ድርቅ ሃይኒሽ ውስጥም የደረቁ ቢቾች አሉ፣ አልክድም። ግን በዚያ ዘመን ክፉኛ የወደቀው ተክሎ ቆራጩ ነው። የወደቀው ያልወደቀውን ሊያርም ይነሳል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የጠየቁት መሬት ማነሱ ነው። የጀርመን መንግሥት በ2007 ቃል ገብቶ ነበር። እስከ 2020 ከአገሪቱ ደን 5 በመቶው ለተፈጥሮ ይተዋል ብሎ። በ2019 ሲለካ 2.8 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ መጋዙ ሌላውን 97 በመቶ ይዟል። ያ ሁሉ አልበቃ ብሎ ነው ሃይኒሽ ላይ የሚንጠራሩት?

ይኸው አገር እኮ እኛ ዘንድ ሲመጣ ሌላ ነው። ከፋ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር አብሮ ለፍቷል፣ የጀርመን መንግሥትም ገንዘብ አውጥቶበታል። እሰየው፣ ጥሩ አደረጉ። የጥብቁ ስፍራ እምብርት የሆነው ደን አይቆረጥም። ወጡን የሚያበስለውም፣ ቤቱን የሚሠራውም በእንጨት የሆነ ገበሬ “ይህን አትንካ፣ ለዓለም ይጠቅማል” ተባለ። ማሞቂያውን በቁልፍ የሚያበራው ሰው ግን ከመቶ ሦስት እጅ የማትሞላ ደን መተው ከበደው። ተሟጋቹ ያችን የ“ብክነት” ንግግራቸውን ይዘው ቦንጋ ይውረዱና ለከፋ ገበሬ ፊት ለፊት ይንገሩት እስቲ። አስተርጓሚ ከጠፋ እኔ አለሁ።